ዳኛው አማርኛ ይሰማል

ጥርና የካቲት የደርቢ ወራት ናቸው። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በቅርጫት ኳስ የሚገናኙት፣ ጂሙ ጢም ብሎ የሚሞላው፣ የወላጅ ጉሮሮ የሚዘጋው ያኔ ነው። የአንባቢዎች ደብዳቤም ያኔ ይበዛል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ፊሽካ ስለምነፋ፣ አዘጋጆቹ ሁሉንም ሰብስበው ለእኔ አስረከቡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል። ባለፈው ዓርብ ማታ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ተገናኙ። በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው፣ ልጄ ኳሱን እያነጠረ ገብቶ አስቆጠረ። ዳኛው ግን ፊሽካ ነፋና ጥፋቱ የልጅሽ ነው ተባልኩ፤ ነጥቡም ተሰረዘ። ተከላካዩ እኮ እየተንቀሳቀሰ ነበር! ባለቤቴ ወደ ሜዳው ጠርዝ ወርዶ ጮኸ። አንዲት ሴትዮና የጥበቃ ሠራተኛ መጥተው አስወጡት። ልጄ ከዚያ ወዲህ አባቱን አያናግርም። ዳኛው ልክ ነበር? አባትን ከልጁ ጨዋታ ማስወጣትስ ይችላል?
(እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩምና ፊሽካው ልክ ነው ወይም አይደለም አልልዎትም። «ተከላካዩ እየተንቀሳቀሰ ነበር» የሚለው ክርክር ብቻውን ግን አያዋጣም። በየጂሙ በብዛት የምሰማው ጩኸት እሱ ነው፤ ደንቡ ላይ ደግሞ የለም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ተከላካዩ መጀመሪያ ላይ ሁለት እግሩን ሜዳው ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ቦታውን መያዝ አለበት። ቦታውን አንዴ ከያዘ በኋላ እንደ ሐውልት እንዲቆም የሚያስገድደው የለም። ወደ ጎን መሄድ ይችላል፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይችላል። ግጭቱ ሲመጣ ራሱን ለመከላከል ዞር ማለትም ይፈቀድለታል። የሚከለከለው ወደ አጥቂው ገፍቶ መሄድ ነው። አጥቂው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ሥሩ መግባትም አይችልም፤ ያኔ ጥፋቱ የተከላካዩ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው «ተንቀሳቀሰ ወይ?» ሳይሆን «ልጅዎ ከመዝለሉ በፊት ቦታውን ይዞ ነበር ወይ? ደረቱ ላይ ነው ወይ የተመታው?» ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ኳሱ ቢገባም አይቆጠርም።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤትዎ ማታ ማታ ኤንቢኤ የሚያዩ ከሆነ፣ ከቅርጫቱ ሥር የተሠመረችውን ግማሽ ክብ ያውቋታል። እዚያ ውስጥ የቆመ ተከላካይ ጥፋቱን የአጥቂው ላስደርግ ቢል አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ ግን ያ ክብ የለም። ሜዳው ለኮሌጅ ጨዋታም የሚውል ሆኖ መስመሩ ቢሠመርም እኛ አናየውም። ከቴሌቪዥን ተምሮ ጂም የሚመጣ ወላጅ ሌላ ጨዋታ ነው የሚያየው።

የሚያዩት ነገርም ይለያያል። እርስዎ ልጅዎን ያያሉ፤ እናት ነዎት፣ ሌላ ማንን ሊያዩ ነው? የተቀረው ተመልካች ኳሷን ያያል። እኛ ደግሞ ዓይናችሁን ተከላካዩ ላይ አድርጉ ተብለን ነው የሠለጠንነው። አንዱ ዳኛ በቅርጫቱ በኩል ካለው መስመር ውጪ ይቆማል፤ ሌላው ከኋላ ይከተላል፤ ሦስት ከሆንን አንዱ በጎን ይሆናል። ሦስታችንም የተከላካዩን እግርና ደረት ነው የምንጠብቀው። ከትሪቡኑ «ዕውር ነህ እንዴ!» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ያንን ተከላካይ ከግጭቱ በፊት ጭራሽ አላየውም።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ያስወጡት ዳኛው ሳይሆኑ ሴትዮዋ ናቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ ከአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ኃላፊ ይመደብለታል፤ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ) ወይም ከምክትል ርእሰ መምህራኑ አንዱ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹን መቆጣጠር በደንቡም የእነሱ ሥራ ነው። እኛ ከጨዋታው በፊት ሜዳው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ዛሬ ኃላፊው ማን ነው? የት ነው የሚቀመጠው?» ብለን ነው። ነገር ሲከር ጨዋታውን እናቆማለን፤ እሱን ወይም እሷን እንጠራለን፤ «እኚህ ሰው» እንላለን። የቀረው የእነሱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሥልጣን ግን አለን። ደጋፊዎች ጨዋታውን ካወኩ በሚደግፉት ቡድን ላይ ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ቅጣት፣ መስጠት ይቻላል። ሁለት ነፃ ውርወራና ኳስ ለተጋጣሚው! ደንቡ ራሱ «በጥንቃቄ» ይላል፤ ቡድኑ ባላጠፋው እንዳይቀጣ። ለዚህ ነው እምብዛም የማታዩት። በአንድ ነጥብ ልዩነት ላይ ባለቤትዎ ሜዳው ጠርዝ ሲወርዱ ግን ዳኛው ያንን ቢያደርግ የልጅዎ ቡድን ነገሩ ያበቃለት ነበር። ልጁ ይህንን ያውቃል። ተጫዋቾች በደንብ ያውቃሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የተናደደው በፊሽካው አይደለም።

የእኔ ምክር አጭር ነው። አባትየው ለአትሌቲክ ዳይሬክተሩ ሁለት መስመር የይቅርታ ኢሜይል ይጻፉ፤ ስለ ፋውሉ ምንም ሳያነሡ። በሚቀጥለው ጨዋታ መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነም እዚያው ይጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተባረረ ተመልካችን ለተወሰነ ጨዋታ ያግዳሉ። ኢሜይሉን ልጁ እንዲያነበው ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ከጨዋታ ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ውስጥ የዳኛ ስም አይነሣ። ራት ምን እንደሚበላ ይወራ።

ይህንንም ልጨምር፣ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ቡናና ጊዮርጊስ ሲጫወቱ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ያደገ አባት ያንን ልማድ ይዞ ጂም ይገባል። እዚያ ሃያና ሠላሳ ሺህ ሰው መሃል ድምፁ ይጠፋል። እዚህ ግን ትሪቡኑ ከሜዳው በክንድ ርቀት ነው፤ ተጫዋቾቹም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። በአማርኛ ከሰደብኩ ማን ይሰማኛል የሚል ደግሞ አለ። እኔ እሰማለሁ። አንድ ምሽት አንድ አባት ጨዋታውን ሙሉ እናቴን ሲሰድቡ አመሹ። ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «እንደምን አመሹ፣ እናቴ ደኅና ናት» አልኳቸው። ቡና ጋበዙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኛ በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ጥግ የምንባለው ነን። ደርቢ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰን እንሰለፋለን። ተጋጣሚ ነፃ ውርወራ ሲወረውር እንጮሃለን፤ ቀለበቱንም ቦርዱንም ሳይነካ ከሳተ «ኤርቦል!» እንላለን። ባለፈው የትምህርት ቤቱ ሰዎች አስቁሙ አሉን። ይሄ ደግሞ ምን ነውር አለው?
(የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እኔን ብትጠይቀኝ ኤርቦል ነውር የለውም። ፀጥ ያለ ደርቢ ማየት አልፈልግም፤ ዳኛ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ባይናገሩትም። የዊስኮንሲን የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ለትምህርት ቤቶች ኢሜይል ልኮ፣ ኤርቦልን ጨምሮ እንደዚያ ዓይነት ጩኸቶች ይቁሙ ብሎ ነበር። ወሬው ሲወጣ አገር ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ። ግን የጂሙ ባለቤት ትምህርት ቤቱ ነው፤ አቁም ካለህ ታቆማለህ።

አሁን ደግሞ የማያስቀውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሮናዶ የሚባል ትምህርት ቤት ኦሬንጅ ግሌን የሚባለውን በተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ የክልል ዋንጫ ወሰደ። የኦሬንጅ ግሌን ተማሪዎች በብዛት ላቲኖ፣ ማለትም ቤተሰባቸው ከላቲን አሜሪካ የመጣ ልጆች ናቸው። ጨዋታው እንዳለቀ ከአሸናፊው ወገን ቶርቲላ፣ የሜክሲኮ ቂጣ፣ ተወረወረባቸው። ቶርቲላውን ይዞ የመጣው ትልቅ ሰው ነበር፣ ተማሪ እንዳይመስልህ። የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን ዋንጫውን ነጠቀ። ወቅቱን ሙሉ የለፉት ልጆች ያገኙትን ድል በቂጣ ተነጠቁ።

ድንበሩ እዚያ ጋ ነው። ልጁ ያደረገውን ነገር ጩህበት፦ ሳተ፣ ኳስ አስነጠቀ፣ ተመራ። ልጁ የሆነውን ነገር አትንካ፦ ቆዳውን፣ የወላጆቹን አገር፣ ክብደቱን፣ የአነጋገር ዘዬውን፣ እህቱን። ስሙን ከኢንስታግራም ፈልጋችሁ የፍቅረኛውን ስም የምትጮሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ያንን ተዉት። እንዲህ ያለውን ስሰማ ጨዋታውን አቁሜ ኃላፊውን እጠራለሁ፤ ሁለቴ አላስብም። እናንተ ሐበሾቹ ደግሞ ከማንም በፊት ልታውቁት ይገባል። የሌላው ጥግ የእናንተን ልጅ ስም እንዴት እያጣመመ እንደሚጠራው ሰምታችኋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የዳኛውን ስሕተት በስልኬ ቀርጬ ይዤዋለሁ። ሄጄ ላሳየው ስል ፊቱን አዞረብኝ። ለምን ቪዲዮ አይታይም? ደግሞ ተጋጣሚው አምስት ፋውል ከሠራ በኋላ የእኛ ልጅ የመጀመሪያውን ስቶ ሁለተኛውን ለምን ወረወረ? አንዱን ካላገባ ሁለተኛው አይሰጥም ነበር እኮ።
(የሁለት ተጫዋቾች አባት፣ ሎርተን)

መልስ፦ የሁለተኛውን ልጀምር። ደንቡ ተቀይሯል። ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ በአገር አቀፉ ደንብ የቡድን ፋውል የሚቆጠረው በየሩቡ ነው። በአንድ ሩብ አምስተኛው ፋውል ላይ ሲደርስ ሁለት ነፃ ውርወራ ይሰጣል፤ ሩቡ ሲያልቅ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የድሮው «አግባና ሁለተኛውን ውሰድ» ቀርቷል። ግማሹ ጂም እስከ ዛሬ በድሮው ደንብ ይጮሃል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ በመደበኛ ጨዋታ ላይ ዳኛ ቪዲዮ አይቶ ውሳኔ እንዲቀይር አይፈቀድም። የእርስዎን ስልክ ቢያይ ራሱ ደንብ ይጥሳል፤ ፊቱን ያዞረው ለዚያ ነው። ቪዲዮውን አይጣሉት ግን። ለአሠልጣኙ ይላኩት፣ ከነሰከንዱ። እሱ ከአትሌቲክ ዳይሬክተሩ ጋር ሆኖ ዳኛ ለሚመድበው ሰው ያደርሳል። መዳቢዎች እንዲህ ያለውን ያያሉ፤ ደጋግሞ የሚሳሳት ዳኛ ደርቢ አይሰጠውም። ደካማ ዳኛ የለም አልልም። አለ። ጩኸት ሲበዛ ፊሽካውን ወደ ጩኸቱ የሚያዞረው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ችግሩ የሚተካው ሰው ከየት ይመጣል ነው። የአገር አቀፉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን እንደሚለው ከ2018–19 እስከ 2021–22 ባለው ጊዜ ወደ 50,000 የሚጠጉ የትምህርት ቤት ስፖርት ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ኮቪድ አለበት፤ ስድብም አለበት። ዳኛ ጠፍቶ የዓርብ ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር አይታችሁ ይሆናል። እርስዎ ሁለት ልጅ እያጫወቱ ጨዋታውን ካወቁት፣ በአካባቢዎ ያለው የዳኞች ማኅበር በመኸር ወራት ሥልጠና ይከፍታል። ፈተና አለው። ክፍያም አለው፣ ባያሀብትም። የምሬን ነው፤ ይምጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የልጅ ልጄ ደርቢ ይጫወታል። እኔና የማኅበሬ ሴቶች ከበሮ ይዘን ልንመጣ አስበናል። ይፈቀዳል?
(አያት፣ ታኮማ ፓርክ)

መልስ፦ እናቴ፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል። ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ግን ከበሮ አይመታም። በደንቡ የሙዚቃ መሣሪያ የሚፈቀደው ከጨዋታ በፊት፣ በእረፍት ሰዓት፣ አሠልጣኝ ታይም አውት ሲጠራና ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ጥሩምባና ቩቩዜላ ጭራሽ አይገባም። ትምህርት ቤቱ የራሱ ባንድ ካለው ደግሞ እነዚያን ሰዓቶች የሚይዘው እሱ ነው፤ ስለዚህ የልጅ ልጅዎ ወይም እናቱ ለአትሌቲክ ዳይሬክተሩ ቀድመው ይጻፉ። «በእረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ ስጡን» ይበሉ። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ጭብጨባና እልልታ የሚከለክል ደንብ የለም፤ ጨዋታው መሃልም ቢሆን። አንድ ነገር ብቻ፦ ልጅ ወድቆ ከሜዳው ካልተነሣ፣ የማንም ይሁን፣ እስኪነሣ ዝም ይበሉ። ደርቢ ላይ ትኬት ቶሎ ያልቃል፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት አሁን የሚሸጠው በስልክ ነው። የልጅ ልጅዎ አስቀድሞ ይግዛልዎት፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረጃ እንዳይወጡ ከታች ቦታ ይያዝልዎት።