ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ስድስት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። በጎረቤቴ ውሾች አሳበብሁ፤ ለባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ነገርሁ፤ ምንም የለም። ከቀትር በኋላ ቡና ተውሁ፤ ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ታጠብሁ፤ ወተት ጠጣሁ። ባለቤቴ «ጸሎት አድርጊ» ይለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያንኮራፋል። እነዚያ ውሾች ደግሞ አላፊ አግዳሚ በሌለበት ይጮኻሉ! ጠዋት እንጀራ ስጋግር እንቅልፍ ያዳፋኛል፤ ባለፈው ሳምንት ክንዴን ምጣዱ ፈጀኝ። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው፤ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ሥራዋን ጨርሳ የምትደውለው በዚያ ሰዓት ገደማ ነው። ሳትደውልም እነቃለሁና በእርሷ አላሳብብም። ለእኅቴ የእንቅልፍ ኪኒን ታዝዞላታል፤ ግማሹን ብወስድ ይጎዳኛል?

እንቅልፍ ያጣሁ እናት

መልስ፦

እኅቴ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒን አይውሰዱ። ስድስት ወር ረጅም ነውና ሐኪም ይይዎት።

ውሾቹንም ይተዉአቸው። ልጅዎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሥራ እንደምትጨርስ ጽፈው አለፉት፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። የሪያድና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። እርስዎ ሲነቁ እርሷ ገና ጎኗን አላሳረፈችም። ማንም ሰው ሌሊት ደጋግሞ ብንን ይላል፤ ገልበጥ ብሎም ይተኛል። የእርስዎ እጅ ግን ያን ጊዜ ስልኩን ይዳስሳል፤ እንቅልፉም በዚያው ይሄዳል። ስልኩን ከትራስዎ ሥር ያውጡት፤ ባለቤትዎ ዘንድ ይደር። ልጅቱ የእርሱም ናት! ጸሎት ማዘዝ ብቻውን አባትነት አይደለም፤ ይህን ያንብቡለት።

የሳዑዲ አረቢያ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ሥራውም ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። በኤጀንሲ የሄደች ከሆነ ውሉ ይገኛል፤ በአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ኤጀንሲው ተጠያቂ ነው። ውሉን ይዛችሁ አባትና እናት አብራችሁ ሂዱ። ከእርሷ ጋር ሳትመክሩ ግን አንዳች አታድርጉ፤ ያለችው ሰው እጅ ነው።

ዛሬ ሌሊት ስትደውል «ደኅና ነኝ» በሚለው አይለፏት። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ይጠይቋት።