መልስ፦ ከበሮ መቺው የጠቡ ትዕይንት ይውጣ ካለ

ስለ ጀማሪ የሜታል (ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ) ባንድ ዘጋቢ ፊልም እየሠራህ፣ ከበሮ መቺው የተጣላበት ትዕይንት እንዲወጣለት ቢጠይቅህ ምን ታደርጋለህ? ትዕይንቱን ቶሎ አትቁረጠው፤ እሱንም ቶሎ እምቢ አትበለው። ከበሮ መቺውን ለብቻው ጥራውና ትዕይንቱን ከፊትና ከኋላው ካለው ጋር አብራችሁ እዩት። በጀማሪ የሜታል ባንድ ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ የሚያናድደው ጠቡ ራሱ አይደለም። ከጠቡ በፊት የነበረው መቆረጡ ነው። ጊታሪስቱ ደጋግሞ የሙዚቃውን ፍጥነት ሲስት የሚያሳየውን ክፍል መልስለት። ያኔ ከበሮ መቺው መምቻውን ለምን እንደወረወረ ለተመልካች ይገባዋል።

በፊልሙ ለመታየት የፈቀደበትን ፊርማ ካልያዝክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስኪፈርም ድረስ ለማንም አታሳይ።

አደራ፣ ደረት ላይ የሚሰካውን ማይክ በእረፍት ሰዓት አጥፋው። እኔ ሳላጠፋው ቀርቼ፣ የአንድ ባንድ ቤዚስት (ቤዝ ጊታር ተጫዋች) ስለ ድምፃዊው ያንሾካሾከውን ሳልጠይቀው ፊልሙ ውስጥ ከተትኩት። እስከዛሬ አያናግረኝም።