ስፓንየል በር ላይ አይታሰርም

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ለገጣፎ ነው፣ ግቢያችን ብዙም ሰፊ አይደለም። ልጆቼ የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው የኮከር ስፓንየል ቡችላ ሊያመጣ ነው፣ ልጆቹ ከአሁኑ ስም አውጥተውለታል። ችግሩ አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ውሻው ቤት ከገባ እኔ እወጣለሁ ብለዋል። እኔ ያሰብኩት በሩ አጠገብ የቆርቆሮ ቤት ሠርተንለት ቀን አስረነው እንድንውል፣ ማታ ደግሞ እንድንፈታው ነው። ሌባም ይጠብቅልናል። ምን ይላሉ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ለሌባ ብለሽ ከሆነ ስፓንየል አታምጪ። መጮኹንስ ይጮኻል፣ በር ሲንኳኳ ሰፈሩን ያነቃል። ግን ሌባው ገብቶ «ቡቺ፣ ቡቺ» ካለው ጭራውን እየቆላ ዕቃው ያለበትን ክፍል ያሳየዋል። ለጥበቃ የሀበሻ ውሻ ከበቂ በላይ ነው፣ ብርዱንም ሰፈሩንም ያውቀዋል።

ስፓንየል እንግሊዝ አገር ለአደን የተራባ ውሻ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ዘሎ ይገባና ወፏን ያስነሳል፣ አዳኙ ተኩሶ ሲጥላት ሄዶ በአፉ ይዞ ያመጣለታል፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ከሰውየው ብዙ አይርቅም፣ ዞር እያለ ያየዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ በር ላይ አስሮ መዋል ማሰቃየት ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል። ቀጥሎ መሬቱን ይቆፍራል፣ ገመዱን ያኝካል፣ የፊት እግሩን እስኪቆስል ይልሳል። ከዚያ ጎረቤት «ይሄ ውሻ አላስተኛን አለ» ብሎ ይመጣል፣ እናንተም ለሆነ ሰው ትሰጡታላችሁ። ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው የማየው ነገር ነው።

ማታ መፍታቱንም እርሺው። ከከተማ ዳር ያለ ሰፈር ጅብ እንደማያጣው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ያደገ ኮከር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ አጥሩ ሥር ቀዳዳ ካለ ለጅብ እራት ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ቀን ይግላል ሌሊት ይቀዘቅዛል።

የአማትሽን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። ጸሎት የሚደረስበት ቤት ውስጥ ውሻ እንዲዞር የማይፈልጉ እናቶች ብዙ ናቸው፣ ቤቱም የእሳቸው ጭምር ነው። መሃል ላይ የሚያስማማ ነገር አለ። ሳሎንና መኝታ ቤት ለውሻው ክልክል ይሁን፣ ነገር ግን ሰው ከሚውልበት አይራቅ። የተዘጋ በረንዳ ካላችሁ፣ ወይም ከማድ ቤቱ ጎን ያለች ክፍል ካለች፣ እዚያ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉለት፣ በሩ ላይ የልጅ መከለያ የሚመስል ዝቅ ያለ እንጨት አድርጉበት። ሰው ያያል፣ ይሸታል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ይበቃዋል። ቡችላ ሳለ ከመጀመሪያው ቀን ከለመደ ሳሎን ግባ ብትይውም ደፍ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን አስገብቶ አንድ ቀን ማባረር ግን አይሠራም፣ በተለይ ልጆቹ በድብቅ እንዳያስገቡት።

ከልጆች ጋር ስፓንየል ደስ የሚል ውሻ ነው፣ ይህን በደፈናው መናገር ይቻላል። ትልቁ ልጅ ኳስ ወርውሮ እንዲያመጣለት ማስለመድ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚያጫውት አይታወቅም። የ4 ዓመቱ ላይ ግን ዓይንሽን አታንሺ። ረጅም ጆሮ አይቶ የማይጎትት ሕፃን የለም። ውሻው ሲበላና ሲተኛ ማንም አይነካውም፣ ይሄ ሕግ ነው። ትንሹን ልጅ ከውሻው ጋር ብቻውን ትተሽ ማድ ቤት አትግቢ፣ ውሻው የዋህ ቢሆንም።

ምግብ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የወጥ ትራፊ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይጀመርም። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ድዱ ነጣ፣ ደከመ፣ ሽንቱ ጠቆረ ስትሉ ብዙ ቀን አልፏል። ቸኮሌትና ወይንም እንዲሁ ክልክል ናቸው። ሩዝ፣ ያልሰባ ሥጋ፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም፣ መጠኑን ሐኪሙ በኪሎው ይወስንላችሁ። ኮከር ሆዳም ነው፣ በዚያ ዓይኑ እያየሽ ጨርሶ ያልበላ ያስመስላል፣ አትሸነፊ።

በበዓል ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ የመወርወር ልማድ አለ። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ እሱ የኮሶ ዘር የሆነ ትል ልጅ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይቀራል፣ ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ደግሞ ወደ እሱ ይሄዳል። ከዚያ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል፣ ዓመታት ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። ውሻው ራሱ ምንም አይመስለውም፣ ይሮጣል ይጫወታል። ስለዚህ የዕርዱን ሆድ ዕቃ ወይ በደንብ ቀቅሉት፣ ወይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ የትል መድኃኒት ስትገዢ ይህ እንዳለበት ጠይቂ። ያደገ ውሻ በየ3 ወሩ ይወስዳል።

ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመራል፣ እስከ 16 ሳምንቱ በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል። ይህ ፓርቮና ዲስተምፐር ለሚባሉት፣ ቡችላ ለሚገድሉት የቫይረስ በሽታዎች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ክትባቱ ሳያልቅ ሰፈር ውስጥ አታዙሩት፣ ፓርቮ ከሌላ ውሻ ኩስ ረግጦ ይይዘዋል። አንድ ነገር ደግሞ ከውሻችሁ ውጪም ይሠራል፦ ልጅን የማታውቁት ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። የባህል መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም።

ጎረቤት ዶሮ አለው? ካለ አስቀድማችሁ አጥሩን አስተካክሉ። ወፍ ማሳደድ ደሙ ውስጥ ነው፣ የጎረቤት ዶሮ ደግሞ ዋጋዋ ከሞተች በኋላ ነው የሚጨምረው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ማን ያየዋል የሚለው ነው። ውሻው የልጆቹ ነው ይባላል፣ የሚያበላውና የሚያጸዳው ግን አንቺ ወይም ሠራተኛሽ ናችሁ። በቀን 1 ሰዓት ያህል መሄድና መሮጥ አለበት። ሠራተኛሽ ውሻ የምትፈራ ከሆነች ቡችላው ከመምጣቱ በፊት አነጋግሪያት፣ ከመጣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ባለቤትሽ ጠዋት ጠዋት ይዞት እንደሚወጣ ከአሁኑ ቃል ይግባ፣ የመጣው በእሱ ሐሳብ አይደል?

ጥያቄ፦ ዶክ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። የ2 ዓመት ስፓንየል አለኝ። ሰሞኑን ራሱን ይነቀንቃል፣ ግራ ጆሮው ይሸታል፣ ውስጡ ቡናማ ነገር አለ። ጓደኛዬ ዘይት ጠብ አድርግበት አለኝ። ላድርግ?
ወጣት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የማሳድገው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘይቱን ለሰላጣ አቆየው። አልኮልም፣ የቁስል ማጠቢያ ፈሳሽም አትጨምር። የጆሮው ታምቡር ተበስቶ ከሆነ ምንም ነገር መግባት የለበትም፣ ያን የሚያየው ደግሞ ሐኪም ብቻ ነው። የምትለው ነገር የእርሾ ወይም የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይመስላል፣ የትኛው እንደሆነ ሳይታይ መድኃኒት አይታዘዝም።

ለምን ስፓንየል ላይ ይበዛል? ጆሮው ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ውስጡም ፀጉር ነው። አየር አይገባም፣ እርጥበቱ አይወጣም። ክረምት ላይ ኮዬ ያለውን ጭቃ አስበው። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ሳሩ ይደርቅና ጭጎጎቱ ይጀምራል፣ አንዳንዴ የሳር ፍሬ እስከ ውስጥ ይገባና ውሻው በድንገት ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያለቅሳል። እንዲህ ካየህ ለነገ አትበል፣ ክሊኒክ ውሰደው፣ ካስፈለገ እስከ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ትችላለህ፣ ከአንተ ሰፈር ያን ያህል አይርቅም።

ከዳነ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ጆሮውን ገልብጠህ አሽትተው። የሚሸት ነገር ከሌለ አትነካካው። ካስፈለገ ሐኪሙ የሰጠህን ማጠቢያ አድርገህ ከሥሩ በጣትህ እሸው፣ ራሱን ያራግፍ፣ የወጣውን በጥጥ ጥረግ። የጆሮ መጥረጊያ እንጨት አታስገባ፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ሲበላ ጆሮው ሳህኑ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ጠባብና ጥልቅ ሳህን ግዛ፣ ወይም ያረጀ ካልሲ ጫፉን ቆርጠህ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቅለት፣ ሲጨርስ አውልቀው። ያስቃል ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ገላን ነው ያለነው። ከስፓንየል ዓይነቶች የትኛው ይሻለናል፣ ኮከር፣ ስፕሪንገር ወይስ ካቫሊየር?

መልስ፦ የሚሮጥበት ሜዳና የሚያስሮጠው ሰው ካለ ስፕሪንገር፣ ከ20 ኪሎ በላይ ይሆናል። ቤት የሚውል ትልቅ ሰው ካለ ካቫሊየር፣ 8 ኪሎ ቢሞላ ነው። ካቫሊየር ግን የልብ በር (ቫልቭ) ሕመም በዘሩ አለበት፣ የወላጆቹ ልብ የተመረመረ ካልሆነ አትግዙ። መሃል ላይ ኮከር። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጥ «ስፓንየል» ግን እናቱን ካላያችሁ ሲያድግ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜም 8 ሳምንት አልሞላውም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሱሉልታ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ከውጭ ሲመጣ ያስቀመጠልን ኮከር አለ። ባለቤቴ በዐቢይ ጾም ሥጋ በድስቷ አታስቀቅልም። 55 ቀን ውሻው ሽሮ ይብላ ትላለች። ይችላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሽሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ስለዚህ አይሆንም። ባለቤትዎም ልክ ናቸው፣ ድስታቸው አይነካ። ለውሻው የራሱ ድስትና ማማሰያ ይግዙለት፣ ከሰል ላይ ጓሮ ይቀቀልለት፣ ሥራውን እርስዎ ይያዙት። ሉካንዳ ሳይዘጋ በቅበላው ሰሞን ያልሰባ ሥጋ ገዝተው ቀቅለው በትንሽ በትንሹ በረዶ ቤት ያስቀምጡ። ካለቀ እንቁላል አለ። ደረቅ የውሻ ምግብ ከከተማ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ጡረታ ያናጋል፣ ልጅዎ ይላኩ፣ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

የፋሲካ ዕለት ደግሞ ተጠንቀቁ። እንግዳው ሁሉ ጮማ ይወረውርለታል። ኮከር ብዙ ስብ ከበላ ቆሽቱ ይቆጣበታል፣ የዶሮ አጥንት ደግሞ ከተቀቀለ በኋላ ይሰነጠቅና አንጀቱን ይወጋል። ካስመለሰው፣ ምግብ ከጠላና የፊት እግሩን ዘርግቶ ወገቡን ከፍ አድርጎ ከቆመ ሆዱን አሞታል ማለት ነው፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በበዓል የሚከፍት ክሊኒክ ስልክ ከዋዜማው ይያዙ።