የማጨጃዬ ሰንሰለት ተበጠሰ፣ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጫጫ አካባቢ ድርቆሽ አጭዳለሁ። ከትራክተሩ ኋላ የሚገጠመው ማጨጃ ማንሻ ሰንሰለቱ መንገድ ላይ ተበጠሰ። ደብረ ብርሃን ሱቅ ያየሁት ሁሉ አንድ ይመስላል። ወንድሜ ደግሞ «አስበይደውና ተገላገል» ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድምህ ይቅር ይበለኝና፣ ብየዳውን ተወው። የማንሻ ሰንሰለት ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው፤ የብየዳ እሳት ያንን ያበላሸዋል።

ሱቅ ስትገባ ቀለበቶቹን ገልብጠህ እይ። 8 ወይም 80 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል? ለማንሻ የተሠራው እሱ ነው። ምንም ያልተጻፈበት የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት ለበር ይሁንልህ። ባለ 8 ደረጃ ሆኖ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ 3.15 ቶን ይሸከማል። «ማጨጃዬ ይህን ያህል መቼ ይመዝናል?» ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ ግን ኮረኮንች ላይ ተሰቅሎ ሲዘል ሰንሰለቱን የሚመታው ከክብደቱ በላይ ነው። ያንተም የተበጠሰው ቆሞ ሳለ አይደለም።

ውፍረቱን ስትለካ ከቀለበቱ ጎን ለካ። ቀለበት ከቀለበት የሚፋተግበት ቦታ ተበልቷል፣ ያታልልሃል። ርዝመቱንም ከአሮጌው አትቅዳ፤ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። የማሽኑ መመሪያ ካለህ በእሱ ሂድ። ከሌለህ ማጨጃውን ሜዳ ላይ አሳርፈህ ከማሽኑ ላይ ለካ። ሲያጭድ ሰንሰለቱ ትንሽ ላላ ይበል፤ ከተወጠረ ማጨጃው የመሬቱን ከፍና ዝቅ መከተል አይችልም፣ ሣሩንም እኩል አይቆርጠው።

ቡሎኑንና ማያያዣውንም አብረህ ቀይር። ስትገጥም ማጨጃው መሬት ላይ ይሁን፤ በሃይድሮሊክ ብቻ ተይዞ ሥሩ እንዳትገባ።