ለጁዶ ብዬ ትምህርቴን ላቋርጥ?

«ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ጁዶ እሠራለሁ፤ በ57 ኪሎ ነው የምወዳደረው። አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ኢንተርናሽናል ተወዳዳሪ መሆን እፈልጋለሁ። የዊዝድሮ (የማቋረጫ) ፎርም ሞልቼ ሙሉ ቀን ልሥራ? እናቴ አብደሻል ትለኛለች። አሁን 61 ኪሎ ነኝ፤ ጾሙ ያወርድልኛል።»

እህቴ፣ አላበድሽም። ፎርሙን ግን ገና አትሙዪ።

ጁዶ እንደ ሩጫ አይደለም። ሯጭ ጥሩ ሰዓት ካስመዘገበ ማናጀር ራሱ ይፈልገዋል። በጁዶ የሚታየው የዓለም ደረጃ ነው። ነጥቡ የሚለቀመው ደግሞ አገር ለአገር እየዞሩ ነው፤ ከአፍሪካ ኦፕን እስከ ግራንድ ስላም። አንድ ግጥሚያ 4 ደቂቃ ነው። ገና በመጀመሪያው ዙር፣ በሠላሳ ሰከንድ በኢፖን (ግጥሚያውን ወዲያው በሚጨርሰው ሙሉ ነጥብ) ከተጣልሽ ወደ ሆቴልሽ ትመለሻለሽ። ያ ሁሉ የቲኬትና የቪዛ ወጪ ለሠላሳ ሰከንድ ነበር ማለት ነው። ብር ቢኖርሽ እንኳ በግልሽ አትመዘገቢም፤ የሚያስመዘግብሽ ፌዴሬሽኑ ነው።

ኦሊምፒክ ደግሞ የባሰ ነው። ለ2024ቱ ፓሪስ በየኪሎው በደረጃ በቀጥታ የሚያልፉት 17 ነበሩ። ከዚያ በታች ላለው የአህጉር ኮታ፣ ማለትም ለየአህጉሩ የተያዘ ቦታ፣ አለ። በዚህ ኮታ ግን ከአንድ አገር፣ ወንድ ሴት፣ ቀላል ከባድ ሳይባል፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ አብሮሽ የሚሠራው መቶ ኪሎው ጎረምሳም ተፎካካሪሽ ነው። እኔም ሳውቅ ገርሞኛል።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። ሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ ቶኪዮ ኦሊምፒክ የደረሰው በአፍሪካ ማጣሪያ አልፎ ነው።

ከብሩ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የምትለማመጃቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ባለፈው አራት ኪሎ አንድ ልምምድ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንዲት ልጅ ያችኑ ጓደኛዋን ባንድ ዓይነት ውርወራ ደጋግማ ትጥላለች። ተወርዋሪዋ ለምዳው ገና ሳትያዝ መውደቅ ጀምራለች! ግብፅ ወይም ቱኒዚያ ሄደሽ የምትገጥሚያት ልጅ እንዲህ አትተባበርሽም። ሙሉ ቀን ብትሠሪም ከነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ጋር ከሆነ፣ ያቋረጥሽው ትምህርት በምን ይካሳል?

የጾሙ ነገር አላሳቀኝም። ሚዛን የምትወጪው በውድድሩ ዋዜማ ነው። በነጋታው ጠዋት ዕጣ የወጣባቸው እንደገና ይመዘናሉ፤ ከምድቡ 5 በመቶ በላይ ማለፍ አይቻልም። ላንቺ 59.85 መሆኑ ነው። ማታ 57 ገብቶ ሌሊቱን መካስ አያዋጣም። በ63 ብትወዳደሪስ? አሰልጣኝሽን ጠይቂ።

እኔ ብሆን ወደ ማታው፣ ወደ ኤክስቴንሽን እዛወር ነበር። ቀኑ ለልምምድ ይተርፋል፣ ዲግሪውም አይቀርም። ጁኒየር ከ21 ዓመት በታች ስለሆነ ጊዜሽ አጭር ነው። ፓስፖርት ከሌለሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። ፌዴሬሽኑን በጽሑፍ ጠይቂ፦ በዚህ ዓመት የትኛው ውድድር ላይ ትልካላችሁ? ወጪውን ማን ይሸፍናል? በኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል የሚመጣ የኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ ስኮላርሺፕ አለ፤ እሱንም አንሺ። መልሱን ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ዊዝድሮ እናወራለን።

እናትሽንም አንድ ቀን ልምምድ ይዘሻት ሂጂ። መጀመሪያ አወዳደቅሽን አሳያት። እናቶች የሚፈሩት እሱን ነው።