ባቡር ያለፋት ኒቆዲሞስ

ጥያቄ፦ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን በአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ሜዳ የቆረቆሯት ኒቆዲሞስ እንዴት ተመሠረተች? ለምንስ ቀዘቀዘች?

መልስ፦ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1877 ነው፤ አብዛኞቹ ሰፋሪዎች የመጡት ከኬንታኪ ግዛት ነበር። ትልቁ ችግር እንጨት ነበር። ሜዳው ዛፍ እምብዛም ስለሌለው ቤታቸውን መሬት ውስጥ ቆፈሩት፤ ጣሪያውንም በቅርንጫፍ፣ በሣርና በአፈር ከደኑት። እንዲህ ያለ ቤት ከብርድ ይጠብቃል እንጂ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። ማገዶው የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ ነበር (ለኛ አገር ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም!)። ብዙዎቹ በመስከረም ስለደረሱ ለዘር ጊዜ አላገኙም፤ የመጀመሪያው የበረዶ ወራት በርሃብ አለፈ።

በ1880ዎቹ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ጋዜጣ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራት። የጎዳት ባቡር ነው። ነዋሪዎቹ ሐዲዱን ወደ መንደራቸው ለመሳብ የ16,000 ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) ቢያጸድቁም በ1888 መስመሩ ከሰሎሞን ወንዝ ማዶ አለፈ። እህል በጋሪ ጭኖ ወንዝ መሻገር ያከስራል፤ ነጋዴውም ወደ ባቡሩ፣ ሐዲዱ ዳር ወዳለችው ወደ ቦግ ሄደ። አንዳንዱ የሱቁን ሕንፃ ጭምር ነቅሎ ወሰደ።

መንደሯ ግን አልጠፋችም። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆናለች፤ ለጉብኝት የሚሻለው በፈረንጆቹ ጁላይ መጨረሻ የሰፋሪዎቹ ዘሮች ከየአገሩ የሚሰባሰቡበት በዓል ነው።