ስለ መሰላሉ ይጠይቁት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ አሜሪካ ውስጥ የበረራ አስተማሪ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ትልቅ አየር መንገድ ይገባል ስንል፣ ፌዴክስ ለሚባለው የጥቅል አመላላሽ ኩባንያ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠረ። ካራቫን የሚሉት አውሮፕላኑ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው፤ ረዳት አብራሪም የለውም። ቀኑን ሙሉ ስሟን በማላውቃት ከተማ ተቀምጦ ይውላል። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። (ወይዘሮ ት.፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወይዘሮ ት.፣ ልጅዎን ጀማሪ አድርገው አይዩት። በአሜሪካ ሕግ ዕቃ ጭኖ፣ ብቻውን፣ ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመራ የሚበር ሰው ቢያንስ 1,200 የበረራ ሰዓት ሊኖረው ይገባል።

ሥራው እንዲህ ነው። የፌዴክስ ትልቁ ጄት ሌሊት ከዋና ማዕከሉ ከሜምፊስ ተነሥቶ ጎሕ ሲቀድ አንድ መካከለኛ ከተማ ያርፋል። ለትንንሾቹ ከተሞች የሚሄደው ጥቅል ተለይቶ ካራቫኑ ላይ ይጫናል፤ ከአንድ ቶን በላይ ይይዛል። አውሮፕላኑ የፌዴክስ ንብረት ሲሆን አብራሪውንና ጥገናውን የሚያቀርበው ትንሹ ድርጅት ነው። ልጅዎ ጠዋት ያደርሳል፣ ማታ ከዚያው የተሰበሰበውን ይዞ ይመለሳል። በመካከል ያለውን ቀን ይተኛበት፤ ለሥራው ከነዳጅ እኩል ያስፈልገዋል።

ስለ ሞተሩ እኔን ይመኑኝ። ፒቲ 6 የሚባለው ተርባይን ነው፤ በአገራችን ትዊን ኦተር በሚባሉት ባለ ሁለት ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሠራ የነበረው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ብዙ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ እንደ እርሱ ያላስቸገረኝ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጭነትና በረዶ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ማረፊያ ጫኚዎች ከባድ ከባዱን ከኋላ ደርድረው፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ጭራው መሬት ላይ ቁጭ ሲል አይቻለሁ። ሁላችንም ሳቅን፤ አለቃችን ግን አልሳቀም። ካራቫን ሲጫን ጭራው ሥር የድጋፍ ብረት የሚቆመው ለዚሁ ነው።

በረዶው ግን አያስቅም። ካራቫኖች ክንፋቸው ላይ በተጋገረ በረዶ ምክንያት ወድቀው ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን እንደ ፈረንጆች በ2005 ባወጣው ትእዛዝ፣ በረዶ ሊይዝ በሚችል አየር ከመነሣቱ በፊት አብራሪው የክንፉንና የጭራውን የፊት ጠርዝ በዓይኑ አይቶ በእጁም ዳስሶ እንዲያረጋግጥ ይገደዳል። ስስ በረዶ ከቀለሙ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት አይሸወድም። የካራቫን ክንፍ ደግሞ ከላይ ነው፣ ከመሬት ሆኖ መድረስ ያስቸግራል። ንጋት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ጥቅሉ ዘግይቶ ሰው ሁሉ ሲያጣድፈው፣ መሰላል አምጥቶ መውጣት ይሰለቻል።

ስለዚህ ጥር ላይ ሲደውሉለት «በላህ ወይ?» ካሉት በኋላ «መሰላሉስ?» ይበሉት። ማን እንደነገረዎት ከጠየቀ፣ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ነው ይበሉት።